የየትኛው ፍለጋ ነህ?

የያዙኝ እስራኤል ውስጥ፣ ናታንያ መሀል ከተማ፣ አደባባዩ ላይ ነው። ፖሊስ የደበደበውን የሰፈራችንን ልጅ ፎቶ ይዤ ቆሜ ነበር። መምህር ነኝና ፖሊሱ እጄን ሲጠመዝዘው ሰልፉ ለምን ሕጋዊ እንደሆነ አስረዳው ጀመር። መኪናው ውስጥ ሲያስገባኝ ገና አልጨረስኩም ነበር።

ያሰሩኝ ክፍል ክሎሪንና እርጥብ ብርድ ልብስ ይሸታል። ብረት አልጋው ጫፍ ላይ አንድ የሰፈራችን የዶራ ሽማግሌ ተቀምጠዋል፤ ልጃቸውን ከሰልፉ ሊመልሱ ወጥተው አብረው ታፍሰዋል። የጫማቸውን ማሰሪያ ስለወሰዱባቸው ሲራመዱ ጫማው ይወልቅባቸዋል።

ከምርመራ ስመለስ «ምን አለህ?» አሉኝ።

«ከየትኛው ሚፍላጋ ነህ አለኝ።»

«የምን ፍለጋ? ምን ጠፍቶ?»

«ፍለጋ አይደለም አባባ፣ ሚፍላጋ። በዕብራይስጥ ፓርቲ ማለት ነው።»

እንደ ልማዴ ማብራራት ጀመርኩ። አንደኛው ፓርቲ ዶራን የሚያውቃት በምርጫ ሰሞን ብቻ ነው። ሌላኛው ስለ ሰላም ደህና ይናገራል፤ የእኛ ልጆች ላይ ስለሚያርፈው ዱላ ግን ትንፍሽ አይልም።

«አንተስ የየትኛው ፍለጋ ነህ?»

«የአንዱም።»

«እንዴ! እኔስ ልጄን ፍለጋ ነው የታሰርኩት። አንተ የጠፋብህን እንኳ አታውቀው!» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ቆይቶ ግን ከነከነኝ።

ከሰዓት በኋላ መርማሪው ወረቀት አቀረበልኝ። አደባባዩን ለተወሰኑ ወራት አልረግጥም ብዬ ከፈረምኩ እለቀቃለሁ። ካልፈረምኩ ዳኛ ፊት እቀርባለሁ፤ ወሬውም ትምህርት ቤቴ ይደርሳል።

«ስለ አንተ የሚደውል ሚፍላጋ የለም። ለማን ብለህ ነው?» አለኝ።

«ፍለጋ ላይ ነኝ» አልኩት በአማርኛ።

«ማ?» አለ፤ ምን ማለቱ ነው።

ብዕሩን መልሼ ወደ እሱ ገፋሁት። ያን ቀን ብቻ አላብራራሁም።

የተለወጠ ነገር የለም። በማግሥቱ ዳኛዋ ያንኑ እገዳ ያለ ፊርማዬ ጣለችብኝ። ትምህርት ቤቱ ውሌን ሳያድስ ቀረ፤ አሁን ሌላ ቦታ አስተምራለሁ። ልጁን የደበደበው ፖሊስ ሥራው ላይ ነው። ምርጫ ሲመጣ ነጩን ወረቀት ምንም ሳልጽፍበት ፖስታው ውስጥ አስገባለሁ። እንዲህ ያለው ድምፅ ለማንም እንደማይቆጠር ለተማሪዎቼ የማስረዳውም እኔው ነኝ።

እገዳው ካበቃ ወዲህ ወደ አደባባዩ ተመልሻለሁ። ቁጥራችን ግን በየጊዜው ያንሳል። ባለፈው ሳምንት ሽማግሌውን ዶራ፣ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ አገኘኋቸው።

«መምህር፣ አገኘኸው?»

«አላገኘሁም፣ አባባ።»

«ነገስ ሰልፍ ትወጣለህ?»

«እወጣለሁ። ብዙ ሰው የሚመጣ ግን አይመስለኝም።»

ጎንበስ ብለው እግራቸውን አዩ።

«እንግዲያ» አሉ፣ «ማሰሪያ የሌለው ጫማ አደርጋለሁ።»