ካሜራ አጽዳ የተባልሁ ጊዜ

በጣሊያን ዘመን ሸዋ ሮቢት ላይ መንገድ የሚያሠራ አንድ ጣሊያን ዘንድ አሽከር ሆኜ ገባሁ። ከዚያ ቤት ብባረር ዕጣዬ ደጋው ጣርማ በር ወጥቶ መንገዱ የሚያልፍበት ዋሻ ቁፋሮ ላይ ድንጋይ መፍለጥ ነው። ድንጋዩስ ይሁን፣ ብርዱን ማን ይችለዋል? ወላሂ፣ እኔ ቆላ ተወልጄ ነሐሴ ላይ እንኳ ጋቢ የማልደርብ ሰው ነኝ። ፈራሁ።

ጣሊያኑ የመጀመሪያው ቀን እጁን በክፍሉ ዙሪያ አወናጨፈና «ካሜራ፣ ካሜራ» እያለ የመወልወል ምልክት አሳየኝ። ካሜራ የሚባል ነገር ስለማላውቅ ምግብ የሚያበስልለትን ወጥ ቤት «ጋሼ፣ ምን ማለቱ ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። ወጥ ቤቱ አዲስ አበባ ፈረንጅ ፎቶ አንሺ ዘንድ ሠርቻለሁ እያለ የሚጀነን፣ አላውቅም የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ የማያውቅ ሰው ነበር። ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠችውን ፎቶ ማንሻ ጠቆመኝና ካሜራ እሷ ናት፣ እንደ ዓይንህ ብሌን ጠብቃት አለኝ።

ጠበቅኋት። ጣሊያኑ በየቀኑ መንገዱን ፎቶ ስለሚያነሣባት አቧራ ለብሳ ትመጣለች። የመስተዋት ዓይኗን በዶሮ ላባ እጠርጋለሁ፤ እንደ ወናፍ የሚታጠፈውን ሆዷን በእናቴ አሮጌ ሻሽ እወለውላለሁ፤ ከዚያ በተዳመጠ ጥጥ ጠቅልዬ፣ ምስጥ ቆዳዋን እንዳይበላው ከጣራው ወጋግራ ላይ አንጠለጥላታለሁ። የራሴን ፊት እንዲያ ተጠንቅቄ ታጥቤ አላውቅም። ክፍሉን ግን አልነካሁም። ያ ሁሉ ወረቀት ተበትኖበት፣ አንዱ ቢጠፋ ምን ልል ነው?

ጣሊያኑ ግን ከቀን ወደ ቀን ባሰበት። «ካሜራ ስፖርካ!» እያለ ይጮህብኛል። ወጥ ቤቱን ብጠይቀው፣ ካሜራዋ ቆሽሻለች ማለቱ ነው አለኝ። አይ የኔ ጣጣ! ላባ ለወጥሁ፤ በቀን ሁለቴ የነበረውን አራት ጊዜ አደረግሁት። እንዲህ ስንል መንፈቅ አለፈ።

አንድ ቀን ለእናቱ የሚልከው ፎቶ አስነሣኝ። ጢሙን ጠምዝዞ አልጋው ላይ ተቀመጠ፣ እኔ የማንሻዋን ቁልፍ ተጫንሁ። ፊልሙ ታጥቦ ፎቶው ሲመጣ፣ ምን ልበላችሁ፣ ጢሙ አንድ ባንድ ይቆጠራል። ከኋላው ያለው የሸረሪት ድርም ይቆጠራል። አልጋው ሥር የወጥ ቤቱ ዶሮ፣ ያችው ላባዋን የምነጫት፣ የጣሊያኑ ጫማ ውስጥ እንቁላል ታቅፋ ተቀምጣለች።

ጣሊያኑ ፎቶውን አፍንጫዬ ሥር ደቀነና ግድግዳውንም፣ ወለሉንም፣ ዶሮዋንም እየጠቆመ «ካሜራ! ካሜራ!» አለ። ያን ጊዜ ገባኝ። ለካ በነሱ ቋንቋ ካሜራ ማለት ክፍል ነው! የጣርማ በር ብርድ እዚያው ቆሜ ያንዘፈዝፈኝ ጀመር። ላባውን ከኪሴ አወጣሁና ወደ ፎቶ ማንሻዋ እያሳየሁ «ካሜራ» አልሁ።

ላባውን አየ፣ ዶሮዋን አየ፣ የምታብረቀርቀውን ፎቶ ማንሻ አየ። ከዚያ በሳቅ አልጋው ላይ ሲወድቅ አቧራው ቡን አለና እያሳለ ይስቅ ጀመር። ሲበቃው በቀኝ እጄ መጥረጊያ አስያዘኝ፣ በግራዬ ላባውን መለሰልኝ። አልተባረርሁም። ከዚያ ወዲያ እስኪሄድ ድረስ ሁለቱንም አጸዳሁ።

ጣሊያን ተሸንፎ ሲወጣ፣ የኔውም ሻንጣውን ይዞ የጭነት መኪና ላይ እየተንጠላጠለ «ካሜራ ላንተ!» ብሎ ጮኸልኝ። የትኛዋ ብዬ አልጠየቅሁም። ይኸው እስከ ዛሬ በአንዷ ሠርግ አነሣለሁ፣ በአንዷ እተኛለሁ።