ሁለቱ ዓይኖች የተስማሙበት ቀለም

ሲኞራ ዘሊንዳ ብራካሌንቲ የከተማችንን የሮካፌልቺናን ሴቶች ዕድሜ ሲደብቁ አርባ አራት ዓመት ኖረዋል። ፀጉር ቤታቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ትይዩ በመሆኑ፣ እሑድ ጠዋት ከቅዳሴ የሚወጣውን ምእመን በመስኮት እያዩ የእጃቸውን ሥራ ይመረምሩ ነበር። የማን ቀለም እንደደበዘዘ፣ ማን ደግሞ ሰው አያየኝም ብላ ጎረቤት ከተማ ሄዳ እንደተቀባች ከሃምሳ እርምጃ ለይተው ያውቃሉ። ቀለም ሲቀምሙ ሚዛን አይፈልጉም፤ «ዓይኔ ይመዝናል» ይላሉ። ከእሳቸው ወንበር ተነሥታ በቀለሙ ያማረረች ሴት የለችም። ያማረሩ ባሎች አሉ፤ የእነሱ ቅሬታ ግን ስለ ሰዓቱ ነበር።

ጡረታ ሲወጡ ቤቱን አልሸጡትም፤ አላከራዩትምም። እንደ ደወል ከራስ በላይ የሚደፉት ሦስቱ የፀጉር ማድረቂያ ካስኮች በየቦታቸው እንደቆሙ በሩ ተዘጋ። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በአንድ የኅዳር ማክሰኞ፣ በሩ ዳግም ተከፈተ፤ የገባችው ግን ደንበኛ ሳትሆን ቬስፓ ነበረች።

ቬስፓዋ የራሳቸው ናት። እ.ኤ.አ. በ1963፣ በአሥራ ሰባት ዓመታቸው፣ ቢጎዲንና የፀጉር ማስያዣ በቦርሳ ሞልተው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በኮረብታው ላይ ወዳሉት የገበሬ ቤቶች ሙሽራ ሊያበጥሩ ይወጡባት ነበር። ፀጉር ቤቱ ሲከፈት ሙሽሮቹ ራሳቸው ወደ ከተማ መውረድ ጀመሩ፤ ቬስፓዋም ለታላቅ ወንድማቸው ለአርዴሊዮ ተሰጠች። አርዴሊዮ ከመስኮት መዝጊያዎቹ የተረፈ ቡናማ ቀለም ስለነበራቸው፣ በቤት ብሩሽ ከአናት እስከ እግሯ ለቀለቋት። በኋላ መኪና ሲገዙ የቁጥር ሰሌዳዋን ለመንግሥት መለሱና ዶሮ ቤት አስገቧት።

«ዶሮዎቹ እኮ ለምደዋታል» አሉ አርዴሊዮ፣ እህታቸው ሊወስዷት የመጡ ዕለት።

«ይታያል። አንተ ቡናማ ቀባሃት፣ እነሱ ነጭ። ምርጫቸው ካንተ ይሻላል።»

«በዚህ ዕድሜሽ ሞተር ልትነጂ ነው?»

«በየትኛው ዕድሜዬ ልነዳ ነበር ታዲያ? በዚያኛው ወስደህብኝ!»

ሰሌዳው ለመንግሥት የተመለሰ ሞተር ዳግም ወደ መንገድ የሚወጣበት በር አንድ ብቻ ነው። የታሪካዊ ተሽከርካሪዎች መዝገብ መርማሪ አይቶ፣ «ከፋብሪካ ስትወጣ እንደነበረችው ሆናለች» ብሎ መፈረም አለበት። ያለ ፊርማው ሰሌዳ የለም፤ ያለ ሰሌዳም መንገድ የለም። መርማሪው ወደ እኛ የሚመጡት በዓመት አንዴ፣ በግንቦት የመጀመሪያ እሑድ ነው። ያን ቀን የወደቀ ሌላ ዓመት ይጠብቃል፤ ሌላ ዓመት መጠበቅ ደግሞ ለሰባ ስድስት ዓመት ሴት በቀላሉ የሚቀርብ ሐሳብ አይደለም። «ሳሎን አስቀምጠው ያዩዋታል» ብሎ ሊያጽናናቸው የሞከረ ሰው ነበር። «የማትሄድ ቬስፓ የአበባ ማስቀመጫ ናት» አሉት፤ «አበባ ደግሞ ያስነጥሰኛል።»

የብርዱን ወራት በሙሉ ሠሩ። ሞተሩ በፀጉር መታጠቢያው ወንበር ላይ ተፈታ፤ ካርቡሬተሩ በገንዳው ታጠበ፤ ብሎኖቹ በመጠናቸው እየተለዩ በቢጎዲን ሳጥኖች ተቀመጡ። የበሰበሰውን ወለል አንጥረኛው በየደው፤ የጎበጠውን እሳቸው በስቱኮ ሞልተው በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሱ። እጃቸው ፀጉርን ሳያስከፋ ማሸት የለመደ ስለሆነ ቆርቆሮዋም አልተከፋችም። የአርዴሊዮ ቡናማ ቀለም ተልጦ ሲወድቅ ግን ከሥሩ የቀረው ዝገት ብቻ ሆነ። የመጀመሪያው ቀለም የት እንደገባ ዶሮዎቹ ይወቁ።

የተገኘው በጥር ነው። ከኮርቻው ሥር ያለውን የቤንዚን ሰልባትዮ አውጥተው ወደ ጉድጓዱ ቢያዩ፣ ፀሐይም፣ ዶሮም፣ አርዴሊዮም ያልደረሱበት የመዳፍ ስፋት ያለው ቀለም ቁጭ ብሏል። ፈዛዛ ግራጫ ነው፤ ሆዱ ውስጥ ግን ሰማያዊ አለበት፤ ለመዝነብ ገና ያልቆረጠ ሰማይ ይመስላል። ሲኞራ ዘሊንዳ በእጃቸው አልነኩትም። በልጣፊ ሸፈኑትና ወጥተው በሩን ቆለፉ፤ ያን ቀን ሌላ ሥራ አልሠሩም።

እዚህ ላይ ኡባልዶ ቺንጎላኒ ይገባል። ኡባልዶ የከተማችን የቬስፓ ወዳጆች ማኅበር ፕሬዚዳንት ነው። ከእኔ ጋር አንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ የተማረ ሰው ስለሆነ አከብረዋለሁ ለማለት ይቸግረኛል፤ እወደዋለሁ ለማለት ግን አይከብደኝም። ማኅበሩ አሥራ አንድ አባላት፣ ዘጠኝ ቬስፓዎችና አንድ ዝርዝር አለው። ዝርዝሩ በየዓመቱ የወጡትን ቀለሞች ከነቁጥራቸው የያዘ ሲሆን፣ ኡባልዶ በላስቲክ ሸፍኖ፣ ቄስ ወንጌል በሚይዝበት አያያዝ ይዞት ይዞራል።

«ሲኞራ ዘሊንዳ፣ ምን ያደክምዎታል?» አላቸው። «ዓመቱን ከዚህ ያያሉ፣ ቁጥሩን ለቀለም ሱቁ ይሰጣሉ፣ ማሽኑ ይቀምማል፣ አለቀ። የእኔም እንደዚያ ነው የተቀባችው።»

እሳቸውም ቁጥሩን ሰጥተው አንድ ጣሳ ገዙ። ቆርቆሮ ላይ ቀቡት፤ አደረቁት፤ ከሰልባትዮው ሥር ካለው ቀለም ጎን አስጠግተው በቤቱ መብራት አዩ። መጀመሪያ በቀኝ ዓይናቸው፣ ቀጥሎ በግራ።

ሲኞራ ዘሊንዳ በዚያው መከር የቀኝ ዓይናቸውን ሞራ አስወጥተው ነበር፤ የግራው ተራውን ይጠብቃል። ስለዚህ በቀኙ ሲያዩ ዓለም ታጥባ የተሰጣች አንሶላ ትመስላለች፤ በግራው ሲያዩ ያቺው አንሶላ ሻይ ተደፍቶባታል።

«ቀኙ አንድ ናቸው ይላል» አሉ። «ግራው አይደሉም ይላል።»

«ግራው እኮ የታመመው ነው፣ ሲኞራ!»

«የታመመ ምስክር ይዋሻል ያለህ ማነው?»

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ከተለያየ ቅመም የተሠሩ ሁለት ቀለሞች በአንድ ብርሃን ተስማምተው በሌላ ብርሃን ሊጣሉ ይችላሉ። በሱቅ መብራት ጥንድ የነበረ ካልሲ አደባባይ ሲወጣ ለየቅል የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በመብራት ሥር የቀቡትን ፀጉር እሑድ ረፋድ በፀሐይ ሲያዩት ለኖሩ ሴት ይህ አዲስ ትምህርት አይደለም፤ አንድ ብርሃን አይታመንም። አሁን ደግሞ ሁለቱን ብርሃን በአንድ ፊት ላይ ይዘውት ይዞራሉ። የሁለቱንም ዓይን ይሁንታ ያላገኘ ቀለም በቬስፓዋ ላይ እንደማያርፍ ወሰኑ።

የሱቁ ጣሳ ወደ ጥግ ተገፋ፤ የፀጉር ቀለም ሳህኖቹ ወጡ። ጠብታ ጥቁር፣ የጥፍር ጫፍ ቢጫ፣ ትንሽ ነጭ። እያንዳንዱ ሙከራ በማርማላታ ክዳን ላይ ይቀባል፤ ቁጥር ይጻፍበታል፤ ከካስኩ ሥር ይደርቃል፤ ከዚያ ይፈረድበታል። ወሬው ሲዳረስ የድሮ ደንበኞች ቻምቤሎኔ ኬክ እየያዙ መጡ፤ በየወንበራቸውም ተቀመጡ።

«ትንሽ ወርቃማ ጣል አድርጊበት» አሉ አንዷ። «ፊቷን ያበራላታል።»

«በአንቺ ላይ ጣል አድርጌ ምን አተረፍኩ?»

በሚያዝያ መጀመሪያ የዓይን ሕክምና ክፍሉ ደወለ። ሁላችንም ሰማን።

«አሁን አይሆንም» አሉ ሲኞራ ዘሊንዳ ወደ ስልኩ። «ሥራ ላይ ነው... እኔ አይደለሁም፣ ዓይኑ... አዎ፣ ግራው... እስከ ግንቦት አትንኩብኝ።»

ቀጠሮው ወደ ሰኔ ተሻገረ።

በአርባ አንደኛው ክዳን ላይ ቀኙን ሸፍነው አዩ፤ ግራውን ሸፍነው አዩ፤ ደጅ አወጡት፤ መልሰው አስገቡት። ከዚያም ተቀመጡ። «ታረቁ» አሉ።

ቅቡ የተከናወነው በፀጉር ቤቱ ውስጥ ነው። ግድግዳው በአንሶላ ተጋረደ፤ አቧራ እንዳይነሣ ወለሉ ውኃ ተረጨ፤ መስኮቶቹ ተከፈቱ፤ አንጥረኛው ኮምፕሬሰሩን አዋሰ። ቀለሙ ሲያርፍ የፊተኛው ፓራፋንጎና ሁለቱ የጎን ሽፋኖች ከሦስቱ ካስኮች ሥር ተቀመጡ። በዚያ ቤት ታሪክ ሦስት ደንበኞች አፋቸውን ዘግተው የደረቁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ኡባልዶ መጥቶ አየና ፊቱ ጠቆረ።

«ቫርኒሹስ? የማታብረቀርቅ ቬስፓ ለምርመራ ትቀርባለች?»

«ስገዛት ከረሜላ አልነበረችም።»

«ሲኞራ ዘሊንዳ፣ እኔ በክፋት አይደለም። መርማሪው ኢንጂነር ኮርራዲኒ ሰው አይምሩም። ከዝርዝሩ ውጭ ነው፤ ይጥሉዎታል። ዓመት ሙሉ... እባክዎ፣ ገና አሥር ቀን አለ፤ እኔ ራሴ ልርዳዎት፣ በቁጥሩ እንቀባት።»

አነጋገሩ ከልብ ስለነበር፣ ከልማዳቸው ውጭ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንተ ልጅ» አሉት፤ «ለመጀመሪያ ቁርባንህ ፀጉርህን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ያኔም ውኃው ያቃጥላል ብለህ ለፍልፈህ ነበር። አቃጠለህ?»

የግንቦት የመጀመሪያ እሑድ ደረሰ። ዘጠኙ የማኅበሩ ቬስፓዎች በአደባባዩ ላይ እያብረቀረቁ ተሰለፉ፤ ከእነሱ ሦስቱ፣ የኡባልዶ ጭምር፣ ከሲኞራ ዘሊንዳ ቬስፓ ጋር የአንድ ዓመት ልጆች ናቸው። የሲኞራዋ በሰልፉ ጫፍ ላይ ቆመች፤ ከእነዚያ መስተዋቶች ጎን፣ ለፎቶ ፊቷን ያልተኳለች ሴት ትመስል ነበር። ኢንጂነር ኮርራዲኒ ከአንኮና የሚመጡ ቀጭን ሰው ናቸው፤ የሻሲ ቁጥር ሳያነቡ «እንደምን አደራችሁ» አይሉም። ቁጥሩን አነበቡ። ሞተሩን አስነሡ፤ በሁለተኛው ርግጫ ተነሣች። ጎማውን፣ መብራቱን፣ ፍሬኑን አዩ። ከዚያም የራሳቸውን የቀለም ናሙና ዘርግተው በጠራው ፀሐይ ፓራፋንጎው ላይ አሳረፉ።

ኡባልዶ ዓይኑን ጨፈነ።

«ሲኞራ፣ ይህ ከዝርዝሩ ጋር አይገጥምም።»

«አይገጥምም» አሉ ሲኞራ ዘሊንዳ። «ዝርዝሩም ከቬስፓዋ ጋር አይገጥምም።»

መፍቻ አውጥተው ኮርቻውን አነሡ፤ ሰልባትዮውን ፈትተው ለአርዴሊዮ አስያዙ። «አጥብቀህ ያዝ፤ እንዳትቀባው ደግሞ!» ኢንጂነሩ ወደ ጉድጓዱ አጎነበሱ።

«ከፋብሪካው ቀለም የተረፈ አለ ነው የሚሉኝ? የቱ ጋ ነው?»

«ከፊትዎ።»

«አልታየኝም።»

«እኔም እንዲታይዎት አልፈልግም ነበር።»

ኢንጂነሩ መነጽራቸውን አወለቁ፤ አደረጉ። በባትሪ አበሩ፤ አጠፉ። ቬስፓዋን ወደ ጥላ አስገፉ፤ ወደ ፀሐይ አስመለሱ። በመጨረሻ የጣታቸውን ጥፍር በቆርቆሮው ላይ ቀስ ብለው ሳቡ፤ አንድ ቦታ ላይ ጥፍራቸው ተደናቀፈ። አዲሱ ቀለም ከአሮጌው የሚለይበትን ድንበር ጣታቸው አገኘው፤ ዓይናቸው ግን እዚያው እያየ አላገኘውም።

ቀና ሲሉ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ኢንጂነር ኮርራዲኒ ፀጉር እንደሌላቸው ያወቅነው ያን ዕለት ነው።

«ዝርዝር ማስረጃ ለጠፋበት ሰው ነው» አሉ። «ወረቀት ይደበዝዛል፤ አታሚም ይሳሳታል። እዚህ ማስረጃው ራሱ አለ። ማን ቀመመልዎት?»

«ዓይኖቼ። በብዙ ጭቅጭቅ።»

ፈረሙ። ፊርማው ገና ሳይደርቅ የደንበኞቹ ጩኸት የቤተ ክርስቲያኑን ርግቦች በሙሉ አስነሣ። አርዴሊዮ ሰልባትዮውን እንዳቀፉ አለቀሱ፤ ቤንዚኑ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ነው አሉ። የሰልባትዮው ክዳን ግን ተዘግቶ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ከኡባልዶ ጋራዥ የመፍቻ ድምፅ ተሰማ። የራሱን ሰልባትዮ አውጥቶ ምን እንዳየ ለማንም አልተናገረም። ማክሰኞ ግን ፓራፋንጎውን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ፀጉር ቤቱ በር ላይ ቆመ።

«ሲኞራ ዘሊንዳ... ቁጥር አርባ አንድ ተርፎ ይሆን?»

«ይቀመማል። ሐሙስ ና። ካንተ በፊት ሁለት ሰዎች አሉ።»

ሁለቱ እነማን እንደሆኑ ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም፤ በማኅበሩ ከዚያች ዓመት ቬስፓ ያላቸው ሦስት ናቸው።

ሰኔ ላይ የግራው ዓይን ሞራ ወጣ። ሲኞራ ዘሊንዳ ከሐኪም ቤት ሲመለሱ ስሜታቸውን ብጠይቃቸው «አሁን ሁለቱም አንድ ነገር ነው የሚሉት» አሉኝ፤ «እንደ ማኅበሩ አሰልቺ ሆነዋል።» የቁጥር ሰሌዳው በሐምሌ ደረሰ። እሳቸው ራሳቸው አሰሩት፤ ካቻቢቴውን ኪሳቸው ከተቱ፤ የራስ ቁራቸውን ደፉ። ኡባልዶ ማኅበሩን ሰብስቦ አጅበን እንውጣ ብሎ ነበር፤ ዘጠኙ ሞተሮች ተነሥተው ሰልፍ እስኪይዙ ግን ሲኞራዋ የመጀመሪያውን ጠመዝማዛ አልፈዋል። ግራጫዋ ቬስፓ በወይን እርሻዎቹ መካከል ብቅ ጥልቅ እያለች ወደ ኮረብታው ስትወጣ ከአደባባዩ ሆነን አየናት፤ ከዚያ ድምፅዋ ብቻ ቀረ፤ ከዚያ እሱም ሄደ።

ለምሳ እመለሳለሁ ብለው ነበር። የተመለሱት ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ነው፤ ጫማቸው አቧራ ለብሶ፣ ጉንጫቸው በነፋስ ቀልቶ። በየገበሬ ቤቱ ቆመው ነበር፤ ድሮ ካበጠሯቸው ሙሽሮች አራቱን አገኟቸው፤ ሁሉም አያቶች ሆነዋል።

«እንዴት ነበረች?» አለ ኡባልዶ፣ ዘጠኙን ሞተሮች ይዞ ሙሉ ቀን ሲፈልጋቸው የዋለው።

«ዳገቱ ላይ ሁለተኛ ማርሽ ትንሽ ትዘላለች» አሉ ሲኞራ ዘሊንዳ ጓንታቸውን እያወለቁ። «ነገ እፈታታለሁ። ከነገ ወዲያ ወደ ባሕሩ ነው የምወርደው፤ ልትከተሉኝ ከፈለጋችሁ በጠዋት ተነሡ።»