በአፈሙዙ ጫፍ ያየሁት ፊት

ይህ ነገር ከደረሰብኝ ገና ዓመት አልሞላውም። የሆነው ሱሉልታ፣ ተከራይቼ በምኖርበት ግቢ ውስጥ ነው። ቀኑ ቅዳሜ ነበር፤ ጠዋት፣ ፀሐይ ፍንትው ብላ ወጥታ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ። በጠብመንጃ አፈሙዝ ጫፍ ላይ ያየሁት የጎረቤቴ ፊት ግን አልረሳ ብሎኛል።

ጠብመንጃ ስል አንባቢ ሌላ ነገር እንዳያስብብኝ። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ማተሚያ ቤት መጽሐፍ እየጠረዝኩ የምተዳደር ሴት ነኝ። ጠብመንጃዋ የግቢው ባለቤት የኦቦ ለሜሳ ናት። ኦቦ ለሜሳ እዚሁ ተወልደው እዚሁ ያረጁ ገበሬ ናቸው። ብዙው መሬታቸው ቤት ተሠርቶበት፣ አሁን የቀረቻቸው ከግቢው ጀርባ ያለች የድንች ማሳ ብቻ ናት። ድንቹን ጃርት ሲጨርስባቸው በጎልማሳነታቸው የገዟት፣ ፈቃድ ያላት ትንሽ ጠብመንጃ አለቻቸው። “ሃያ ሁለት” ይሏታል። ጥይቷ የትንሿን ጣቴን ግማሽ እንኳ አታክልም።

ጃርቱም ከአካባቢው ከጠፋ ቆየ። እሳቸው ግን ሊተዋት አልቻሉም። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ሰው ድምፅ ሰምቶ እንዳይደነግጥ ለቀበሌው ሚሊሻዎች አስቀድመው ይነግሩና፣ ከማሳው ባሻገር ወዳለው አሮጌ የድንጋይ ካባ ወርደው ባዶ ቆርቆሮ ይመታሉ። አንድ እሑድ ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ፣ “ዓይናቸው ደክሟል፤ ብቻቸውን ገደል እንዳይገቡብኝ እባክሽ አብረሻቸው ውረጂ” አሉኝ። ጠብመንጃ የሚባል ነገር እፈራ ነበር። ለይሉኝታ ብዬ ሄድኩ።

ያን ቀን ኦቦ ለሜሳ በደረቴ አስተኝተው አስተኮሱኝ። ድምጿ ጅራፍ ከማጮህ አይበልጥም። ትከሻዬንም አልመታችኝም። የድልህ ቆርቆሮው ግን ከድንጋዩ ላይ ተገልብጦ ወደቀ። ሳላስበው እንደ ልጅ ሳቅኩ። በሚቀጥለው እሑድ ማንም ሳይለምነኝ ነው ቀድሜ በር ላይ ቆሜ የጠበቅኳቸው።

ምኗ እንደሚስበኝ ለሰው ማስረዳት ይከብደኛል። ሳምንቱን ሙሉ የታክሲ ሰልፉ፣ የማሽኑ ጩኸት፣ የአለቃዬ ቁጣ ጭንቅላቴ ውስጥ ሲንጫጫ ይከርማል። እዚያ ተኝቼ ሰደፉን ጉንጬ ላይ ሳስጠጋና ትንፋሼን ለቀቅ አድርጌ ስይዝ፣ ከዚያ ቆርቆሮ በቀር ምንም ነገር አይኖርም። ቆርቆሮውን ብስተውም የሚቆጣኝ የለም፤ ሌላ ጥይት ማጉረስ ብቻ ነው። ኦቦ ለሜሳ አጥብቀው የሚያስተምሩኝ አንድ ነገር ነበር። “ቆርቆሮውን ከማየትሽ በፊት ከጀርባው ያለውን እዪ” ይሉኛል።

ከእኔ ክፍል ቀጥላ ወርቄ ትኖራለች። ወደ ሃምሳ ዓመት የምትጠጋ፣ የሰው ልብስ እያጠበች የምታድር ሴት ናት። ከልጅነቷ ጀምሮ ጆሮዋ አይሰማም፤ አፏንም አልፈታችም። እኔና እሷ የምንግባባው በእጅ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሩቅ አገር ብቻዋን መጥታ ነው ግቢያችን የገባችው። እዚያ ምን እንዳየች ማናችንም አናውቅም። የምናውቀው፣ እኔና ኦቦ ለሜሳ ጠብመንጃዋን ይዘን ስንወጣ ባየች ቁጥር ክፍሏ ገብታ በሯን እንደምትዘጋ ብቻ ነው።

ያን ቅዳሜ ሥራ አልነበረኝም። ኦቦ ለሜሳ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ጠብመንጃዋን በዘይት ይወለውላሉ፤ እኔ አጠገባቸው ሆኜ ጨርቅ አቀብላለሁ። ወርቄ ከግቢው ጥግ፣ ቧንቧው ሥር፣ ጀርባዋን ሰጥታን አንሶላ ታጥባለች። የግቢው በር ገርበብ ብሏል።

ድንገት ከመንገዱ ጩኸት መጣ። “ሰሬ መራቴ! ያበደ ውሻ! በር ዝጉ!”

ተነሥቼ ወደ በሩ ልሮጥ ስል ውሻው ገባ። ቡናማ ትልቅ ውሻ ነው፤ አንገቱ ላይ የተበጠሰ ገመድ ተንጠልጥሏል። አገጩ ወርዶ ለሃጩ ይዝረበረባል። የኋላ እግሮቹ እየተንገዳገዱ፣ ወደ እኛ ዞር እንኳ ሳይል ቀጥታ ወደ ውሃው ድምፅ አመራ። ወደ ወርቄ።

“ወርቄ! ወርቄ!” ብዬ ጮኽኩ። አዴ ጫልቱም ከመስኮቱ ጮኹ። ሰው ሲጨንቀው የሚያውቀውን ይረሳል ለካ። ወርቄ አንሶላዋን ማሸቷን ቀጠለች። ውሻው ጥቂት እርምጃ ሲቀረው ቆመና ራሱን እያወዛወዘ ያያት ጀመር።

ዞር ስል ኦቦ ለሜሳ ጥይት አጉርሰው ጠብመንጃዋን ደግነዋል። አፈሙዙ ግን ይርገበገባል። ወዲያው ዝቅ አደረጉት።

“ጥላ ነው የሚታየኝ” አሉ። “እንቺ፣ አንቺ ያዢው።”

“አልችልም አባቴ! እሷን ብመታትስ?”

“ለዚህ ነው አንቺ ያዢው የምልሽ። ሱታ፣ ልጄ። ቀስ በይ።”

ተቀበልኳቸው። በማነጣጠሪያው ሳይ ከውሻው ጀርባ የወርቄ ሰማያዊ ቀሚስ ነበር። እንዲህ ሆኖ መተኮስ አይቻልም። ከበረንዳው ወርጄ በግድግዳው ጥግ ጥግ ወደ ጎን ሄድኩ። ለመጸዳጃ ቤት ጉድጓድ ሲቆፈር የወጣ የአፈር ክምር አለ፤ ውሻው በእኔና በክምሩ መሃል እስኪሆን ድረስ ሄድኩ። ኦቦ ለሜሳ ከኋላዬ ይከተሉኛል፤ ትንፋሻቸው ይሰማኛል። ተንበርክኬ አነጣጠርኩ።

ልክ በዚህ ጊዜ ወርቄ የጨመቀችውን አንሶላ ይዛ ተነሣች፤ ልታሰጣው ወደ እኔ ዞረች።

የታቀፈችው አንሶላ ከልሏት ውሻውን አላየችውም። ያየችው እኔን ነው። በየቀኑ ጠዋት የምስማት ጎረቤቷ፣ ተንበርክኬ ጠብመንጃ ስደግንባት።

አንሶላው ከእጇ ወደቀ። ፊቷ ላይ ያየሁት ድንጋጤ ብቻ አልነበረም። “አንቺም?” የሚል ነገር ነበረበት። በግራ እጄ ውሻውን ላሳያት ሞከርኩ፤ እሷ ግን ፊቷን በሁለት እጆቿ ሸፍና ወደ ኋላ አፈገፈገች። ተረከዟ ሳፋውን መታው፤ ሳፋው ተንኳኳ፤ ውሻው ወደ እሷ ዘለለ። ቃታውን ሳብኩት።

ቀጭ አለ። ጥይቱ ከሸፈ።

“ከሸፈ! አባቴ፣ ከሸፈ!”

“አውጪው! ሌላ አጉርሺ፣ እንቺ!” ብለው አንዲት ጥይት መዳፌ ላይ ጣሉልኝ።

መዝጊያውን ስቤ የከሸፈውን አወጣሁት። ቀና ስል ወርቄ የት እንደወደቀች አየሁ፤ ሳፋው ላይ ተደናቅፋ የአፈር ክምሩ ሥር ተዘርራለች። ቃታውን ስስብ ከውሻው ጀርባ የነበረችው እሷ ናት ማለት ነው። ጥይቷ ከጣቶቼ ልታመልጠኝ ደረሰች፤ እንደ ምንም አጎረስኳት።

ውሻው የወደቀውን እርጥብ አንሶላ ነክሶ እያራገፈ ነው፤ ከወርቄ እግር አጠገብ። እየጎተተው ወደ ኋላ ሲል ትንሽ ከእሷ ራቀ። ከጀርባው አየሁ፤ አፈር ብቻ ነው። ደግሜ አየሁ። ትንፋሼን ያዝኩና ተኮስኩ።

ያችው የጅራፍ ድምፅ ናት። ውሻው ቁጭ አለ፤ ከዚያ በጎኑ ወደቀ። ኦቦ ለሜሳ ጠብመንጃዋን ከእጄ ወስደው ሌላ ጥይት አጎረሱና ተጠግተው ጨረሱት።

ወርቄ እየዳኸች ተነሥታ ሮጣ ክፍሏ ገባች። የበሩ መቀርቀሪያ ሲወድቅ ሰማሁ። መዳፏ ደም በደም እንደሆነም አየሁ።

ከዚህ በኋላ ያለው ከተኩሱ ይልቅ አስጨነቀኝ። ሳፋው ቆርጧት ይሁን ውሻው ነክሷት አላወቅንም። አንሶላው በለሃጭ ተነክሯል። በፍጥነት ታጥባ ሐኪም ቤት መሄድ አለባት። በሩ ግን ተቀርቅሯል። ብናንኳኳ አትሰማም፤ ብንጣራ አትሰማም። መጋረጃውንም ዘግታዋለች። እዚያ ውስጥ ሆና እኔ ልገድላት እንደነበር ነው የምታውቀው።

“በሩ ይሰበር” አሉ ኦቦ ለሜሳ።

“አይሆንም!” አሉ አዴ ጫልቱ። “አሁን በር ቢሰበርባት ልቧ ቀጥ ይላል!”

ይህን ሲባባሉ ተኩሱን የሰሙ ሁለት ሚሊሻዎች መሣሪያቸውን ይዘው እየሮጡ ገቡ። አዴ ጫልቱ እጃቸውን ዘርግተው ፊት ለፊታቸው ቆሙ። “ውጡልኝ! መሣሪያ ይዛችሁ ግቢዬ ውስጥ አትቁሙ፣ ውጡ!” ብለው እየገፉ አስወጧቸው። ኦቦ ለሜሳም ተከትለዋቸው ወጥተው የሆነውን አስረዱ። ጠብመንጃዋንም ውጭ አቆዩልን።

አዴ ጫልቱ ዘዴ የመጣላቸው ይሄኔ ነው። ውሻውን በአካፋና በገመድ እየጎተትን፣ ሳንነካው፣ ወርቄ መስኮት ፊት አመጣነው። እኔ ከሬሳው አጠገብ ባዶ እጄን ዘርግቼ ቆምኩ። እሳቸው ገርበብ ባለው መስኮት እንጨት አስገብተው መጋረጃውን ነቅነቅ አደረጉት፤ ተዉት፤ እንደገና ነቀነቁት።

ብዙ ቆየን። በመጨረሻ የመጋረጃው ጫፍ ተገለጠና የወርቄ አንድ ዓይን ታየኝ። ውሻውን አየች። አፉ ላይ ያለውን ለሃጭ አየች። ከዚያ እኔን አየችኝ። ጥርሴን አሳይቼ እንደ ውሻ ሆንኩላት፤ ወደ እሷ ጠቆምኩ፤ ከዚያ ደረቴን መታሁ። ምን ማለቴ እንደሆነ እኔም አላውቅም። አለቀስኩ መሰለኝ።

መጋረጃው ተዘጋ። ቀጥሎ መቀርቀሪያው ሲነሣ ሰማሁ። ወርቄ ወጥታ ደጃፏ ላይ ቁጭ አለችና የቆሰለ እጇን ዘርግታ ሰጠችኝ።

በሳሙና፣ በሚወርድ ውሃ፣ አዴ ጫልቱ ይበቃል እስኪሉ ድረስ አጠብኩላት። ኮንትራት ታክሲ ይዘን ሐኪም ቤት ሄድን። ሐኪሙ ቁስሉን አይቶ፣ “የሳፋ ነው የውሻ እያልን አንገምትም” ብሎ ክትባቱን ጀመረላት። መንገዱን ሙሉ የሹራቤን እጅጌ ጨምድዳ ይዛ ነበር። ክትባቱን ሳታጓድል ጨረሰች፤ ዛሬ ደህና ናት።

ሰፈሩ ጀግና አለኝ። ታክሲ ተራ ላይ እንኳ የማያውቁኝ ሰዎች ያሳዩኝ ነበር። እኔ ግን ጀግና ሲሉኝ አንገቴን ደፍቼ አልፋለሁ። የመጀመሪያው ጥይት ባይከሽፍ ኖሮ ዛሬ ስለ ሌላ ነገር ነበር የምጽፈው፤ ምናልባትም አልጽፍም ነበር። ለኦቦ ለሜሳ ይህን ስነግራቸው፣ “የቀሚሷ ሰማያዊ ለእኔም ታይቶኝ ነበር። እግዜር ነው የያዘልሽ” አሉኝ። ከዚያ በኋላ እሑድ ሲመጣ ራሴን አመመኝ እያልኩ ቀረሁ። እሳቸውም አላስገደዱኝም።

አንድ እሑድ ወርቄ በሬ ላይ መጥታ ቆመች። በእጇ የመተኮስ ምልክት አሳየችኝ፤ ወደ ካባው ጠቆመች፤ ከዚያ ወደ እኔ፣ ቀጥላ ወደ ራሷ። እንዳልገባኝ ሆኜ ራሴን ነቀነቅኩ። እጄን ይዛ ጎተተችኝ።

ሦስታችን ወረድን። እንደ ልማዴ ተኛሁ። ወርቄ ከኋላዬ ተንበርክካ መዳፏን ጀርባዬ ላይ አሳረፈች። ተኮስኩ፤ ሳትኩ። እሷ ግን ጥይቷ ስትወጣ የተሰማት ያችን ትንሽ ንዝረት ነው መሰለኝ፣ እጇን አንሥታ በግርምት አየችው፤ “ይኸው ነው?” እንደማለት። ከዚያ ሳቀች። ወርቄ በድምፅ ስትስቅ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

አሁንም ቆርቆሮ መምታት እወዳለሁ፤ አልዋሽም። ወርቄም ብዙ ጊዜ አብራን ትወርዳለች። እኔ ግን እንደ ድሮው ወዲያው አላነጣጥርም። ጥይት ሳላጎርስ መጀመሪያ ወደ ኋላ ዞሬ እፈልጋታለሁ። ከኋላዬ ቁጭ ብላ ሳያት፣ እሷም አየሁሽ ብላ ራሷን ስትነቀንቅልኝ፣ ያኔ ነው ወደ ቆርቆሮው የምዞረው።