ባዶ የተባለው የኮረሪማ መሬት

ጥቅምት መጨረሻ ላይ፣ ማክሰኞ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ከመቱ መናኸሪያ ተነሣን። ጉዳያችን ኮረሪማ ነበር። ሶር ወንዝ አጠገብ፣ በጫካው ጥላ ሥር፣ አሥራ አራት ሴቶች በማኅበር ኮረሪማ የምናመርትበት መሬት አለን። ከህንድ አገር የመጣ የቅመም ገዢ ከጎሬ ወዲያ ባለችው ቡሬ ላይ አምራቾችን እንደሚያነጋግር፣ ለራሱ እርሻም መሬት እንደሚፈልግ ሰማን። ገዢውን ይዞ የሚዞረው ደላላ የእኛን መሬት ባዶ ነው ብሎ በሚያሳየው የመሬት ዝርዝር ውስጥ እንዳስገባውም ሰማን። ስለዚህ ምርታችንን ይዘን ሄደን መሬቱ ባዶ አለመሆኑን ማሳየት ነበረብን።

አብራኝ የሄደችው ዘሃራ ናት። መቱ ገበያ ቅመም ትሸጣለች፤ የማኅበሩ ሰብሳቢም እርሷ ናት። እኔ በዕድሜ ትልቋ ነኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ እኔ ብቻ ስለሆንኩ ጸሐፊ አደረጉኝ።

ለናሙና የያዝነው ከምርታችን ምርጥ ምርጡን ነው። በእኛ ዘንድ ምርጥ ኮረሪማ በጆንያ አይቀርብም፤ ፍሬው በወስፌ ተበስቶ በክር ይሰካል። ለአማትና ለክቡር እንግዳ የሚሰጠው እንዲያ ሆኖ ነው። ሴቶቹ ሁለት ቀን ሙሉ ሲበሱና ሲሰኩ ሰነበቱ። ዘሃራ ስድስቱን ክር በነጠላ ጠቅልላ አቀፈችው።

ጎሬ

ሚኒባሱ እስከ ቡሬ በሰው ሁለት መቶ ብር ያስከፍላል። የኮረሪማው ሽታ የደረሰው ሾፌር ዞር ብሎ በኦሮምኛ እንዴት አደራችሁ አለን።

"አካም ቡልታን፣ እትዬ! ሠርጉ ወዴት ነው?"

"ለህንድ ልንድር ነው፤" አለችው ዘሃራ።

"ታዲያ ሙሽራዋ የታለች?"

"እትዬ አስካለ ናቸው። አይታዩህም?" ብላ ወደ እኔ ጠቆመች።

ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። እኔ በመስኮት ወደ ውጭ ማየቴን ቀጠልኩ።

ጎሬ ስንደርስ ከተማው በጉም ተሸፍኗል። ቁርሳችን የተቀቀለ የጎደሬ ሥር በሚያቃጥል የቃሪያ ዳጣ ነበር፤ ትኩስ ነው፣ ያጠግባል። ሁለተኛ ደረጃ የተማርኩት እዚሁ ከተማ ነው። ከጎሬ በኋላ መንገዱ እየወረደ ጫካ ለጫካ ይሄዳል። አንድ የጭነት መኪና ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ መንገዱን ስለዘጋው ወርደን አንድ ኪሎ ሜትር ያህል በእግር ሄድን። ዘሃራ እቅፏን ለማንም አላቀበለችም።

ቡሬ፣ አምስት ሰዓት

አዳራሹ ውስጥ አቮካዶ፣ ማንጎ፣ ዝንጅብልና ማር ተደርድሯል። ገዢው ቀጭን፣ ጸጉሩ የሸበተ ሰው ነው። ደላላው ሽፈራው ከጎኑ ቆሞ ያስተረጉማል። ተራችን ሲደርስ ዘሃራ ነጠላውን ፈታች። ገዢው አንዱን ክር አንሥቶ አሸተተ፤ ደስ እንዳለው ፊቱ ላይ ታየ። ቀጥሎ መነጽሩን አድርጎ ቀዳዳውን አየና ክሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

የጎሬ የሒሳብ አስተማሪያችን ህንዳዊ ነበሩ፤ እንግሊዝኛውን ለመስማት አልቸገረኝም። ለሽፈራው የነገረው ይህን ነው፦ ኮረሪማው ግሩም ነው፣ ነገር ግን የተበሳ ፍሬ እርጥበት ስለሚያስገባ መርከብ ላይ ይሻግታል፤ ያልተበሳ ቢሆን ኖሮ ይገዛው ነበር።

ሽፈራው ወደ እኛ ዞሮ በአማርኛ፣ "ዕቃችሁ አይረባም ብሏል፤" አለን። ከዚያ ለገዢው በእንግሊዝኛ፣ "ስለ ሶር መሬት ሐሳብ አይግባዎት። ጫካ ነው፣ ሰው የለበትም፤" አለው።

እንግሊዝኛ ከተናገርኩ ብዙ ዓመቴ ነው። ቢሆንም ተናገርኩ። "ሰው አለበት። አሥራ አራት ነን፤ አንዷ እኔ ነኝ። ያልተበሳ ኮረሪማ ማድረቂያው ላይ ተዘርግቷል። ዛሬውኑ መጥተው ይዩ።" ሰዋስዉ ትክክል ይሁን አይሁን አላውቅም። ገዢው ግን ቀጥ ብሎ አየኝ።

የሽፈራው ፊት ተለዋወጠ። "እትዬ፣ ምን አስቸኮለዎት? እኔ እኮ ለእናንተው ብዬ ነው። ኢንቨስትመንቱ ሲገባ የቀን ሥራ ታገኛላችሁ።"

"በገዛ መሬታችን ላይ?" አለች ዘሃራ። "ለፍቲ ኬኛ፣ ሽፈራው! መሬቱ የእኛ ነው። አንተ ደላላ ነህ እንጂ ባለርስት አይደለህም።"

ከኋላችን አንድ ማር ሻጭ፣ "አሁን ገና በደንብ ተተረጎመ!" አለ። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ።

ሶር

ገዢው መሬቱን ዛሬውኑ ለማየት ስለፈለገ በእርሱ መኪና ተመለስን። ሽፈራው ከፊት ተቀመጠ። መኪና ከሚቆምበት በኋላ አንድ ሰዓት በእግር ነው፤ ገዢው ሁለቴ ተንሸራተተ እንጂ አላማረረም። ሴቶቹ ቀዩን ፍሬ ከሥሩ እየለቀሙ ነበር። ገዢው ማድረቂያው አልጋ ላይ የተዘረጋውን በእጁ አገላበጠ፣ አንዱን ፈልፍሎ ዘሩን አኘከ።

"ይህን እገዛለሁ፤" አለኝ። "መሬቱን ብታከራዩኝ ግን እጥፍ አመርትበታለሁ።"

"ፍሬውን ይግዙ። መሬቱን አናከራይም።"

"ለምን?"

"የሚከራይ ቢሆን ኖሮ ባዶ ነው ማለት ባላስፈለገ።"

ገዢው ሽፈራውን አየው። ሽፈራው ጭቃ የያዘ ጫማውን አየ። ገዢው አምስት ኪሎ ለሙከራ ወሰደና ካገሩ እንደሚጽፍልን ነግሮን ሄደ። ይጻፍ አይጻፍ አላውቅም።

መቱ

ቤቴ የገባሁት ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው። የፍሬው ቀዳዳ የእኛ ጥፋት ነበር፤ ለውጭ ገበያ የሚሄደውን መብሳት ትተናል። ጥፋትን ማረም ሌላ፣ መሬትን መልቀቅ ሌላ። ቤቱ የተቀመጠ ሰው መሬቱ በሌላ ሰው አፍ ባዶ እንደሚሆንም ተምሬያለሁ።

በቀጣዩ ሰኞ አሥራ አራታችንም መሬቱ የእኛ ይዞታ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ይዘን ወረዳው ጽሕፈት ቤት ሄድን። ደብዳቤውን የተቀበለው ሠራተኛ ሰልፉን አይቶ፣ "እትዬ፣ አንድ ሰው ቢፈርም ይበቃል፤" አለኝ።

"አይበቃም፤" አልኩት።

ወረቀቱ ከእጅ እጅ ዞረ። መጻፍ የማይችሉት አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው አተሙ፤ እኔም ከየአሻራው አጠገብ ሙሉ ስማቸውን እስከ አያት ጻፍኩ። ምሳ ሰዓት ደርሶ ሠራተኛው ሊዘጋ የቢሮውን ቁልፍ አወጣ። ያልፈረሙ አራት ሴቶች ይቀሩ ነበር። ከፊቱ ቆመን ጠበቅን፤ እርሱም ቁልፉን መልሶ ኪሱ ከተተና ተቀመጠ።