የዘለለው ወታደር

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኩም። አባቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ሳያውቁት ሞቱ። ለመስጊዳችን ሼህ ልነግራቸው ሄጄ፣ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ፣ ስለ በልግ ዝናብ አውርቼ ተመልሻለሁ። ክርስቲያን ጎረቤቶቼ የንስሐ አባት አላቸው፤ የከበዳቸውን ይዘው ሄደው ያራግፉታል። በእኛ ግን የሰው ሐቅ ባለቤቱ ራሱ አፉ ብሎ ይቅር ካላለ አይነሳም። የእኔን ሐቅ ባለቤት ደግሞ እፈራለሁ። እናንተ አታውቁኝምና ለእናንተ ልናገር። ስሙኝ እንጂ አትዘኑልኝ።

መካነ ሰላም፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ፣ ጌም ቤት ነበረኝ። ዘመኑ ሰው ሁሉ አንድ ለአምስት ተደራጅ የሚባልበት ነው፤ እኔም ጥቃቅንና አነስተኛ ተብዬ ነው የከፈትኩት። ኮምፒዩተሮቹ ከደሴ በአይሱዙ ሲንገጫገጩ የመጡ አሮጌዎች ናቸው። በኬብል አያይዣቸው የከተማው ልጆች ወታደር እየሆኑ ይታኮሱባቸዋል። አንዱ የሌላውን ስክሪን እያየ እንዳያጭበረብር መሃል መሃሉን በቺፑድ ከልዬዋለሁ።

ሐሰን የልጅነት ጓደኛዬ ነበር። ከከተማው ወጣ ካለ ቀበሌ የመጣ የገበሬ ልጅ ነው። በባሕር ተሻግሮ ሳውዲ ገባና ያለ ወረቀት ጅዳ ውስጥ ፎቅ በሚሠራበት ቦታ ብሎኬት ይሸከም ጀመር። እናቱ እማ ዘሃራ ባላቸው ሞተዋል፤ ቤት የቀረላቸው ትንሹ ልጃቸው ጀማል ብቻ ነው። ቀበሌያቸው ስልክ አይሠራም። በገበያ ቀን ከተማ ወጥተው በሰው ስልክ ቢያናግሩት ደግሞ ሰላምታቸው ብቻውን የሐሰንን ካርድ ይጨርሰዋል። እሳቸው ልጃቸውን ብቻ አይደለም የሚጠይቁት፤ አብረውት የሚያድሩትን፣ የአሠሪውን ሚስት፣ የማያውቁትን ሀገር ዝናብ ሳይቀር ነው።

መላ የዘየደው ሐሰን ነው። አብሮት የሚኖር፣ ከኛው አገር ከደጎሎ የሄደ ልጅ ላፕቶፕ ነበረው። ጨዋታው ውስጥ ተጫዋቾቹ በማይክ እየተነጋገሩ ነው የሚዋጉት፤ ኢንተርኔት እስካለ ድረስ ሲያወሩበት ቢውሉ ካርድ አይቆጥርም። እንግዲያው ባዶ ሜዳ እንክፈትና ሳንዋጋ ቆመን እናውራ አለኝ።

ማስተካከሉ ግን አሳሬን አበላኝ። መጀመሪያ እኔ እሰማዋለሁ፣ እሱ አይሰማኝም። ለካ ማይኩን አረንጓዴው ቀዳዳ ላይ ሰክቼዋለሁ። ሮዙ ለአፍ፣ አረንጓዴው ለጆሮ፤ ይህን እማ ዘሃራ እንኳ ኋላ ላይ እንደ ፋቲሓ ሸመደዱት። ቀዳዳውን ስቀይር ድምፄ ደረሰ፣ ነገር ግን ከጉድጓድ ውስጥ የምጣራ ያህል ነው፤ ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ ማይኩን ከፍ አደረግኩት። ቀጥሎ ደግሞ እማ ዘሃራ የተናገሩት ቃል ተመልሶ ለራሳቸው ይሰማቸው ጀመር። "ማነው የሚደግመኝ? አዑዙ ቢላህ!" ብለው ሄድፎኑን ከሻሻቸው ላይ ነቅለው ወረወሩት። ሐሰን በስፒከር ስለሚሰማ ነበር። ሄድፎን አድርግ አልኩት፣ ቆመ።

ሁሉ ተስተካክሎ ሰላምታው ብቻ አልስተካከል አለ። የኛ ሀገር ሰው ሰላም ሲባባል ተራ አይጠብቅም፤ እኩል ነው የሚጠያየቀው፣ አንዱ በሌላው ላይ እየደረበ። በኢንተርኔት ግን ድምፅ ዘግይቶ ይደርሳል። እናት እንዴት ነህ ሲሉ፣ ልጅ እንዴት ነሽ ሲል፣ ሁለቱም መልስ ያጡ መስሏቸው ዝም ይላሉ። ደግሞ እኩል ይጀምራሉ። ደግሞ ዝም። እማ ዘሃራ "ልጄ ተቀይሞኛል" ብለው አለቀሱ። ያኔ ነው ዝላዩን የፈጠርኩት። እኔ ነኝ የፈጠርኩት። ሐሰንን፣ እናትህ ተናግረው ሲጨርሱ ወታደርህን አዝልለው፣ እንደሰማሃቸው ያውቃሉ አልኩት። ከኪቦርዱ ረጅሙን ቁልፍ አንዴ መጫን ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም።

ዝላዩ ሰምቻለሁ ማለት ሆነ። እሺ ማለት ሆነ። ደህና ነኝ ማለት ሆነ። በየገበያው ቀን ጠዋት፣ የከተማው ልጆች ትምህርት ቤት ሳሉ፣ እማ ዘሃራ እየመጡ ከስክሪኑ ፊት ይቀመጡ ነበር። ወታደሩ ዘለል ሲል እንደ ልጅ ይስቃሉ። ጠመንጃውን ብቻ አልወደዱለትም፤ "አሁን ምናለ ቢያስቀምጠው?" ይላሉ። እነዚያ ጠዋቶች ደስ ይሉኝ ነበር። በሕይወቴ የሠራሁት ጥሩ ነገር ቢኖር እሱ ነበር፤ እሱኑ ነው ያረከስኩት።

ሳውዲ ወረቀት የሌላቸውን እያፈሰች በምትመልስበት ሰሞን፣ አንድ ከሰዓት በኋላ በሐሰን ስም የገባው ሰው ሐሰን አልነበረም። የደጎሎው ልጅ ነው። ሐሰን ከፎቅ ወድቆ ሞተ፣ እዚሁ ቀብረነዋል አለኝ። ፖሊስ ሰፈሩን እያሰሰ ስለሆነ እሱም ቤቱን ለቆ ሊሸሽ ነው። "ሌላ የማገኘው ሰው የለኝም፤ ለሽማግሌዎቹ ንገርና መርዶውን በወጉ ይንገሯቸው" አለ። ከዚያ ወዲያ ድምፁን ሰምቼ አላውቅም።

በወጉ ማለት ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር? በደንብ አውቃለሁ። መርዶ አንድ ሰው ብድግ ብሎ የሚናገረው ነገር አይደለም። ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ዘመድ ይጠራል፣ ጎህ ሲቀድ ሐዘንተኛው ከቤቱ ሳይወጣ ይነገረዋል፤ ብቻውን እንዳይወድቅ፣ የሚይዘው ክንድ እንዳያጣ። እስከዚያ ድረስ የሚያውቅ ሁሉ ፊቱን ይጠብቃል፣ ያልሆነውን ሆነ ይላል። ይህ ውሸት አይባልም። እኔ እዚህ ወግ ውስጥ ገብቼ ተደበቅሁ። ለአንድ ቀን የተፈቀደውን ዝምታ ወስጄ ቤት ሠራሁበት።

ማግስቱ የገበያ ቀን ነበር። እማ ዘሃራን በሰላም መልሼ ወደ ማታ ሼሁ ዘንድ እሄዳለሁ ብዬ ወሰንኩ። መጡ። የሐሰን ማይክ ተበላሽቷል፣ ስልኩም ጠፍቶበታል አልኳቸው። እስከዚህ ድረስ ማንም ሰው የሚያደርገው ነው። እሳቸው ግን ሻሻቸውን አስተካክለው ተቀመጡና "እንግዲያ እሱ ይስማኝ፤ እኔ ልየው ብቻ" አሉኝ።

ኢንተርኔት የለም ማለት አልችልም ነበር? መብራት ሊጠፋ ነው ማለት አልችልም ነበር? ኬብሉን ልይ ብዬ ተነሳሁ፣ ከቺፑዱ ወዲያ ዞሬ ተቀመጥኩ፣ በሌላው ኮምፒዩተር የሐሰንን ስም ጽፌ ገባሁ፤ ጨዋታው ከስም ሌላ አይጠይቅም። ከፊታቸው ወታደሩ መጥቶ ቆመ። ልጃቸውን አዩና ሰላምታውን አወረዱት። ሲጨርሱ ጠበቁ። ጣቴ ረጅሙን ቁልፍ ተጫነ። የሞተውን ሰው አዘለልኩት።

አዘኔታ ነበር ትሉኝ ይሆናል። እኔም ለራሴ ብዙ ዓመት እንዲህ ብያለሁ። ውሸት ነው። ያን ዕለት ሲወጡ እጄን ይዘው ዱኣ አደረጉልኝ፤ ገበያ ውስጥ ላገኙት ሁሉ "ሰይድ ባይኖር ልጄን በምን አየው ነበር" አሉ። እኔ ይህን ወደድኩት። መርዶ ነጋሪ ከመሆን ልጅ አቅራቢ መሆን ይጣፍጣል። ማታ ሼሁ ዘንድ አልሄድኩም። በሚቀጥለው ገበያም አልሄድኩም። እማ ዘሃራ ሲመጡ ማይኩን እነቅላለሁ፣ እሰካለሁ፣ ሃሎ ሃሎ እላለሁ፣ ሴቲንጉን ከፍቼ ዝቅ ከፍ አደርጋለሁ፣ ደህናውን ዕቃ እጠግናለሁ። እሳቸው "ሮዙን አየኸው ወይ?" እያሉ ይረዱኛል። ከዚያ ከቺፑዱ ኋላ እገባለሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኔ እያደር ጨለመ። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት የነበረብኝ እኔ፣ ስንት ገበያ ቁጭ ብዬ ቃጠሎውን አየሁት!

አንድ ቀን እማ ዘሃራ ፊታቸው ጠቁሮ መጡ። ጀማል በጎች ይዞ ገበያ ቀርቷል። ሄድፎኑን አደረጉና ሰላምታውን አሳጥረው፣ እሳቸው ሰላምታ አሳጥረው አያውቁም፣ ወደ ወታደሩ ተጠጉ።

"ሐሰኔ፣ ጀማል ወዳንተ ልሂድ እያለ እንቅልፍ ነሳኝ። አልለቅም ብዬው ነበር። አንተ ካለህለት ግን ምን እፈራለሁ? ከባሕሩ ማዶ ቆመህ የምትቀበለው ከሆነ ልልቀቀው። ትቀበለዋለህ ወይ፣ ዓለሜ?"

እጄን ከኪቦርዱ አነሳሁ። ይህን መስክሩልኝ፤ አንስቼው ነበር። ወታደሩ ዝም ብሎ ቆመ። እማ ዘሃራ ጠበቁ። ደግመው ጠየቁት። ወታደሩ ቆመ። ከቺፑዱ ወዲያ ሲያለቅሱ ሰማሁ፤ "ወንድምህን እንቢ አልክ? ሰው አገር ልብህን እንዲህ አደረገው? ያረቢ፣ ምን በድዬው ነው?" ይላሉ። ሐሰን ክፉ ወንድም ሊባል ሆነ። የሞተ ሰው ስም በእኔ ምክንያት ሊጠፋ ሆነ። ከቺፑዱ ኋላ ወጥቼ፣ እግራቸው ላይ ወድቄ፣ እማ፣ ሐሰን የለም ማለት ነበረብኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር ነበረች። እሷን ከምናገር መጫኑ ቀለለኝ።

ተጫንኩት። ወታደሩ ዘለለ።

"አልሐምዱሊላህ!" አሉ፤ ስክሪኑን ሳሙት።

ጀማል ሄደ። በባቲ አድርጎ ወደ ጅቡቲ ወረደ። ይህ እንኳ በቂ አልነበረም፤ አላህ አንድ በር ደግሞ ከፈተልኝ። ከባሕሩ ዳር ሆኖ በሰው ስልክ ደወለልኝ፤ የሚደውልለት ሌላ ስልክ ያለው ሰው አልነበረውም። እየሳቀ ነበር። "ሰይዶ፣ ነገ ልንሳፈር ነው። ሐሰንን ተነስቷል በለው፣ ይጠብቀኝ" አለ። ተመለስ ማለት እችል ነበር። ሐሰን ሞቷል፣ ማዶ ማንም የለህም፣ እናትህ አንተ ብቻ ነህ የቀረሃቸው ማለት እችል ነበር። እሺ አልኩት። ወላሂ፣ እሺ አልኩት።

ከዚያ ወዲያ ስለ ጀማል የሰማ የለም። አብረውት ከተሳፈሩት የሀገር ልጆች አንድም የደወለ የለም። እማ ዘሃራ በሚቀጥለው ገበያ ሮጠው መጡ፤ "ደረሰ ወይ? ሐሰንን ጠይቅልኝ" አሉ። ኢንተርኔቱ ተቋርጧል አልኳቸው። ለብዙ ጊዜ ተቋረጠ። በመጨረሻ ኮምፒዩተሮቹን ለአጅባር ሰው ሸጬ ቤቱን ዘጋሁት። ጨዋታው ቀርቷል፣ መንግሥት ዘግቶታል አልኳቸው፤ ያኔ ይህ የማይታመን ነገር አልነበረም።

የሁለት ልጅ መርዶ በእኔ አፍ ውስጥ አለ። አንዱን በእርግጥ አውቃለሁ፤ ሌላውን የላክሁት እኔ ነኝ። አላህ ከእኔና ከእሱ መካከል ያለውን ሊምር ይችል ይሆናል፤ የእማ ዘሃራን ሐቅ ግን እሳቸው አፉ ካላሉ አይምረውም። አፉ ይበሉኝ ለማለት ደግሞ መናገር አለብኝ፤ ብናገር ሰደቃ ያላወጡለትን፣ ጀናዛውን ያልሰገዱለትን ልጅ፣ ደግሞም በደስታ ስመው የላኩትን ሌላውን፣ በአንድ ጠዋት ልቀማቸው ነው። እሳቸውን ላለመጉዳት ነው ዝም ያልኩት ብዬ ልጨርስ? አልልም። ዛሬም የምፈራው ለራሴ ነው። ገበያ መሃል ስሜን ሲጠሩ ሰው ምን እንደሚለኝ ነው የምፈራው። ስለዚህ እናንተም ይቅር አትበሉኝ፤ በእጃችሁ አይደለም።

አሁን እዚያው መናኸሪያ አካባቢ ቻርጀርና የስልክ ካርድ እሸጣለሁ። ለእማ ዘሃራ ቀበሌ ኔትወርክ ገባላቸው፤ እሳቸውም ልጆቼ ሲደውሉ ብለው ትንሽ ስልክ ገዙ። በገበያ ቀን ወደ ሱቄ ይመጡና ከመቀነታቸው ፈትተው ያቀብሉኛል።

"ሰይድ ልጄ፣ ይኼ ነገር አይጮህም። ተበላሽቶ እንደሁ እስቲ እየው።"

አገላብጬ አየዋለሁ። ድምፁን ከፍ አደርገዋለሁ። ከዚያ መልሼ እጃቸው ላይ አስቀምጬው ከራሴ ስልክ እደውልላቸዋለሁ። ሲጮህ ፊታቸው ወለል ይላል፤ ቸኩለው ወደ ጆሯቸው ይወስዱታል።

"እኔ ነኝ እማ" እላቸዋለሁ፣ ከፊታቸው ቆሜ። "ለሙከራ ነው። ስልኩ ደህና ነው።"