ዓለምሰገድ ላሙ ደሴት ዕረፍት የወጣ ጊዜ

ዓለምሰገድ ዕረፍት ሊወጣ ነው ሲባል ናይሮቢ ፓርክላንድስ ሰፈር ያለ ሐበሻ ሁሉ ሳቀ። ምን ያድርግ፣ ሰውዬው ምግብ ቤቱን ከከፈተ ስድስት ዓመቱ፤ አንዲት ቀን ዘግቶ አያውቅማ! እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ እንኳ ዓይኑ ሰዓቱ ላይ ነው። ወጥ ይቀምሳል፣ ሳህን ያነሳል፣ ጠረጴዛ ይወለውላል፣ እንግዳ ይሸኛል። ልጁ እህተማርያም ጥግ ካለችው ጠረጴዛ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ስትሠራ፣ እሱ አሥር ጊዜ ያልፋታል፤ አሥር ጊዜም "መጣሁ የኔ እናት" ይላታል።

ልጅቱ አሥር ዓመቷ ነው። ከደርግ ሸሽቶ በሞያሌ ሲወጣ ጀርባው ላይ አዝሎ ያሻገራት እሱ ራሱ ነው። እንደ ሰው ልጅ ክረምቱን አያቷ ዘንድ ትክረም እንዳይባል፣ አገር ቤት መግባት በዚያ ዘመን የሚታሰብ አልነበረም። የክፍል ጓደኞቿ ነሐሴ በመጣ ቁጥር ስለ ባሕር ሲያወሩ ትሰማለች። ሁለት ዓመት ተከታትሎ "ዘንድሮ እንሄዳለን" አላት፤ ሁለቱንም ጊዜ የሰው ድግስ ተቀብሎ ቀረ። በሦስተኛው፣ ማለትም በ1977፣ እህተማርያም ፊቱ ቆመች።

"አባዬ፣ አራት ቀን ብቻ። ሥራ የሚባል ሳትነካ፣ ከእኔ ጋር። አሁንም ከዋሸኸኝ ግን ሁለተኛ ምንም ነገር አልጠይቅህም።"

አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም። እሱን ክው ያደረገውም ይኸው ነው። የሚያለቅስ ልጅ ይባበላል፤ እንዲህ ረጋ ብላ የምትናገርን ልጅ ምን ያደርጓታል?

እና ሄዱ! ሚስቱ ሙሉመቤት ባቡሩ ላይ እስኪቀመጡ ድረስ አላመነችም። ባቡሩ ፉጨቱን ሲለቀው እህተማርያም ወንበሩ ላይ ቆማ ጨፈረች። ከሞምባሳ በአውቶብስ፣ ከአውቶብሱ ወርደው በጀልባ፣ ከዚያ ላሙ! ዓለምሰገድ ያን ሁሉ ውኃ ሲያይ "በስመ አብ!" ብሎ አማተበ። ደሴቱ ላይ መኪና ብሎ ነገር የለም፤ በጠባቡ መንገድ ሽር የሚለው አህያ ነው። እሱ የመንዝ ልጅ ነውና አህያ ብርቁ አይደለም፤ ናይሮቢ ላደገችው ልጅ ግን ሠርግና ምላሽ ሆነላት። "አባዬ ይኼን እየው! ኧረ ያንን እየው!" እያለች ክንዱ እስኪገነጠል ስትጎትተው ዋለች። አሸዋ ላይ ተሯሯጡ፤ ጫማውን ማዕበል ሊወስድበት ሲል እንደ ሕፃን እየጮኸ አሳደደው። ሙሉመቤት ሆዷን ይዛ ሳቀች። እሰይ! የመጀመሪያዋ ቀን እንዲህ በሰላም አለፈች።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ በባለሸራ ጀልባ ሄደው ቀለም በቀለም የሆኑ ዓሦች የሚታዩበት ቦታ ሊዋኙ ቀጠሮ ይዘዋል። ጀልባው የሚነሳው በስምንት ሰዓት ተኩል ነው፤ ውኃው ከሸሸ አይንቀሳቀስምና ማንንም አይጠብቅም። እህተማርያም ፎጣዋን ትከሻዋ ላይ ጣል ያደረገችው ገና በጧቱ ነው።

ያረፉት ኩለሱም የምትባል፣ ለእንግዳ መኝታ የምታከራይ ባልቴት ቤት ነበር። በስድስት ሰዓት ምሳ አቀረበችላቸውና ጎረቤት ደረስ ብላ ልትመጣ ወጣች። ሩዝና ባቄላ ነው፤ ግን ነጭ መረቅ ውስጥ ተነክሯል። ዓለምሰገድ ክዳኑን ከፍቶ መልሶ ከደነው።

"ኧረ በማርያም! ወተት!"

ጊዜው ፍልሰታ ነው፤ ሦስቱም ይጾማሉ። ፍልሰታን ደግሞ ልጅ አዋቂው ነው የሚጾማት።

"አባዬ፣ ወተት እኮ አይደለም" አለች እህተማርያም። "ኮኮናት ነው። ጓደኛዬ ዘኪያ ቤት ሁልጊዜ ይሠራሉ።"

"እሺ፣ እሺ የኔ እናት" አላት እሱ፤ ልቡ ግን ሻንጣው ውስጥ ካለው ሽሮ ጋር ነበር። ምን ይታወቃል ብሎ ይዞ መጥቷላ! ሙሉመቤት "ኧረ ሙዝ ይበቃናል፣ አርፈህ ተቀመጥ" ብትለውም "አሥር ደቂቃ!" ብሎ እጅጌውን ሰብስቦ የሰው ወጥ ቤት ገባ።

አይ ዓለምሰገድ! ሽንኩርቱ ከሰሉ ላይ ቁሌት ሆኖ ሲሸት፣ እዚያው ያረፉ፣ ከኪሱሙ ከተማ የመጡ ሁለት አስተማሪዎች በሩ ላይ ብቅ አሉ። አቀመሳቸው። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ "ሌላ አለ?" አሉት። በቃ፣ ደሙ ሞቀ! ትልቅ ድስት ጣደ፣ ውኃ ጨመረ፣ ሽሮውን ነሰነሰ፤ ሌሎችም እንግዶች ሳህን ይዘው መጡ።

"አባዬ፣ ስምንት ሰዓት ሆነ" አለች እህተማርያም ከደጅ።

"መጣሁ፣ መጣሁ!"

"አባዬ፣ ጀልባው..."

"አንድ ጊዜ!"

ሦስተኛ አልተጣራችም። እሱም አለመጣራቷን ልብ አላለም።

ኩለሱም ስትመለስ ወጥ ቤቷ ገበያ ሆኗል። "ምን እየሠራህ ነው?" አለችው።

"ማማ፣ እንዳትቀየሚኝ። እኛ በዚህ ሰሞን ወተት አንቀምስም።"

"የምን ወተት?" አለችና የተሰነጠቀ ኮኮናት አንስታ አፍንጫው ሥር አስጠጋችው። "ይኼ ተፍቆ፣ ተጨምቆ ነው! ከዛፍ ነው! ላም ከየት ላምጣልህ፣ እዚህ ያለው አህያ!" ሳቋን ጨርሳ ደግሞ፣ "ደግሞስ ልጅህ ነግራሃለች አይደል? አሁን ከእናቷ ጋር ወደ ጀልባው ስትወርድ አግኝቻት፣ 'ነግሬው ነበር፣ አልሰማኝም' አለችኝ።"

ዓለምሰገድ ማማሰያውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። እውነት ነው፣ ነግራዋለች። "እሺ የኔ እናት" ማለቱ ትዝ ይለዋል፤ ልጅቱ ያለችው ነገር ግን ጆሮው የገባው ገና አሁን ነው። ከዚህ በፊትስ ስንቱን ነግራው ይሆን? ሰዓቱን አየ፤ ስምንት ተኩል ሊል ነው። ሽሮው መንተክተክ ጀምሯል፣ ሰዎቹ ሳህናቸውን ዘርግተዋል።

ሮጠ! ሳህን የያዙትን ገፈታትሮ፣ በአህዮቹ መካከል ተሹለክልኮ፣ "ጠብቁኝ! ጠብቁኝ!" እያለ በአማርኛ እየጮኸ ቁልቁል በረረ። ሲደርስ ጀልባው ከዳር ጥቂት ርቋል። የእህተማርያም ቢጫ ፎጣ ይታየዋል፤ እሷ ግን ወደ ባሕሩ ዞራለች።

ዋና አይችልም፤ አገሩ እያለ ወንዝ እንኳ ከጉልበት በላይ አይገባም ነበር። ከነጫማው ገባ። ውኃው ከጉልበቱ ወገቡ፣ ከወገቡ ደረቱ ደረሰ። "እህተማርያም!" ብሎ ሲጮህ አፉ ጨው ሞላ። ሙሉመቤት ብድግ ብላ "ኧረ ሰውዬው ሊሞትብኝ ነው!" ብላ ስትጮህ ጀልባ ነጂው ሸራውን ለቀቀውና ጀልባው ቆመ። ሁለት ሰዎች ብብቱን ይዘው እንደ ጆንያ ጎትተው ጀልባው ላይ አወጡት።

ውኃ እያንጠባጠበ ልጁ እግር ሥር ተዘረፈጠ። እህተማርያም ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

"ሽሮውስ?" አለች።

"ይረር!"

ሙሉመቤት አፏን በእጇ ያዘች።

"ኮኮናት ነው ብለሽኝ ነበር" አለ እየተንቀጠቀጠ። "አጠገቤ ሆነሽ ነገርሽኝ፣ እኔ ግን አልሰማሁሽም። ይቅር በይኝ፣ እህትዬ።"

ልጅቱ ወደ ባሕሩ ዞረች። ዓለምሰገድ በቃ፣ አለቀልኝ አለ በልቡ፤ ከእንግዲህ ይህቺ ልጅ ምንም አትጠይቀኝም። ጀልባው ብዙ ሄደ። ከዚያ ፎጣዋን ከትከሻዋ አውርዳ ጭንቅላቱ ላይ ጣለችለት።

"አባዬ፣ ዓሦቹ ጋ ስንደርስ አብረኸኝ ውኃው ውስጥ ትገባለህ?"

"እገባለሁ!" አለ፣ አፏን ሳትዘጋ።