የእድር ጡሩምባ ነፊ ሚስት

ባሌና እኔ ጡረታ የወጣነው በአንድ ዓመት፣ በሦስት ወር ልዩነት ነው። እሱ አምቦ ውስጥ ሲያስተምር፣ እኔ ደግሞ በነርስነት ሳገለግል ኖረናል። ከተማው እሱን «ቲቸር»፣ እኔን «ሲስተር» ይለናል። ስማችን አብሮን ቤት ገባ፤ ሥራው ግን እዚያው ቀረ።

ያንን የመጀመሪያ ክረምት እንዴት እንዳለፍነው እኔ ነኝ የማውቀው። ሐምሌ ሲገባ የአምቦ ዝናብ ሰዓት አይመርጥም። ሁለት ሰው ደግሞ ቀኑን ሙሉ አንድ ሳሎን ውስጥ ተፋጦ መዋል አይችልም፤ እኛ አልቻልንም። ጠዋት ያጸዳሁትን ከሰዓት በኋላ እንደገና አጸዳለሁ። ከቁም ሣጥኑ ልብሱን ሁሉ አውጥቼ አጥፋለሁ፤ ያጠፍኩትን ዘርግቼ ደግሞ አጥፋለሁ። «ሥራ ፈት መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» የሚባለው እኔን ነው። የጎረቤቱን ሁሉ የደም ግፊት ከመለካቴ የተነሳ ሰዎች ከሩቅ ሲያዩኝ እጅጌያቸውን መሰብሰብ ጀመሩ። እሱ ደግሞ ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት ነው። ዝናቡ ሲያባራ ይወጣል፤ ሳይቆይ ይመለሳል። «ምን ረሳህ?» እለዋለሁ። «ምንም» ይላል፤ ደግሞ ይወጣል።

በዚህ መሃል የሰፈራችን እድር ጡሩምባ ነፊ ቸገረው። እድሩ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ለቅሶን በስልክ መልእክት ነበር የሚናገረው። ነገር ግን ኔትወርኩ ለቀናት የሚጠፋበት ጊዜ መጣ፤ ሰው ከተቀበረ በኋላ «ቀብር ዛሬ ነው» የሚል መልእክት የደረሰበትም አለ። ስለዚህ ወደ ጡሩምባው ተመለስን። የቀድሞው ነፊ ግን አርጅተው የፊት ጥርሳቸው አልቋል፤ ያለ ጥርስ ደግሞ ጡሩምባ አይነፋም። ማን ይንፋ ተብሎ ሲጠየቅ ባሌ እጁን አወጣ።

መምህር ከመሆኑ በፊት፣ በወጣትነቱ፣ ኪነት ቡድን ውስጥ ትራምፔት ይነፋ ነበር። የእድር ጡሩምባ ቁልፍ የሌለው ረጅም ቆርቆሮ ነው፤ «ሰው ሞቷል፣ ውጡ» ከማለት ያለፈ ነገር አይጠበቅበትም። ዜማም አይወጣውም። ለባሌ ግን ወጣው።

የመጀመሪያውን ቀን አልጋ ውስጥ ሆኜ ሰማሁት። ገና እየነጋ ነበር። አንድ ረጅም ድምፅ ወጣ፤ ከዚያ ከፍ አለ፣ እዚያ ላይ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፣ ተመልሶ ቀስ ብሎ ወረደ። ቆንጆ ነበር። ጥፋቱም ይኸው ቁንጅናው ነው። ከእኛ በታች ያሉ አንዲት አሮጊት ሙሽራ የመጣ መስሏቸው በራቸውን ከፍተው እልልታውን አቀለጡት። እሳቸውን የሰሙ ሁለት ሦስት ሴቶችም ከየአልጋቸው ተቀበሏቸው። የሟቹ ልጆች በር ላይ ቆመው እልልታ ሰሙ።

አሮጊቷ እያለቀሱ ይቅርታ ጠየቁ። ባሌም ጠየቀ። የሟቹ ታላቅ ልጅ ግን በሦስተኛው ቀን ድንኳን ውስጥ «አባታችን ጨዋታ ወዳድ ነበር፤ ደህና አድርጋችሁ ሸኛችሁት» ብሎ ሁሉንም አሳቀ። ነገሩ በዚያው አለቀ። ባሌ በሐምሌ ሌላ ሦስት ለቅሶ ነፋ፤ ዜማውን ትንሽ ቀነሰ፤ ሰውም ለመደው።

ያልለመድኩት እኔ ነኝ። እንደተመለሰ ግፊቱን ስለካው መለኪያው የሚያሳየኝን አልወድም ነበር። የአንገቱ ሥር ተገትሮ፣ ከንፈሩ ጠቁሮ ይመጣል። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው እንዴት እንደሚወድቅ ሳይ ኖሬአለሁ፤ ከመውደቁ በፊት ምን እንደሚመስልም አውቃለሁ። «ተው» አልኩት። «ሲስተር፣ አሁን ሆስፒታል አይደለሽም» አለኝ። ሲናደድ ነው እሱም እንደ ሰው ሲስተር የሚለኝ። ከዚያ በኋላ ሊነጋጋ ሲል በራችን በተንኳኳ ቁጥር ማን ሞተ ከማለቴ በፊት ስለ እሱ ነበር የምፈራው።

ስለዚህ አንድ ቀን ተደብቄ የእድሩ ዳኛ ቤት ሄድኩ።

«አካም ጅርቱ፣ አዴ ሲስተር?» ብለው በኦሮምኛ ደህንነቴን እየጠየቁ ወንበር ሳቡልኝ። ነገርኳቸው።

«ታዲያ ግፊት አለብህ፣ ይቅርብህ ልበለዋ» አሉ።

«ኦቦ፣ ግፊቱን ካነሱበት ግትር ነው፣ ይብስበታል። እልልታውን ያንሱበት። አባላቱ አነፋፍህ ለቅሶ አይመስልም ብለዋል ይበሉት።»

«ማሎ፣ ኧረ በፈጣሪ አዴ! ማን አለ? ሰው እኮ ወዶታል።»

«እኔ ብያለሁ። ባሌን ይተውልኝ።»

ብዙ አቅማሙ። በመጨረሻ ስለ እኔ ብለው ተሸነፉ። ባሌን ጠርተው፣ ቅሬታ ስላለ እስከ መስከረም ስብሰባ ድረስ ሌላ ሰው እንደሚነፋ፣ ያን ጊዜ አባላቱ እንደሚወስኑ ነገሩት።

ያን ቀን ምሳውን ሳይጨርስ ተነሳ። «ለቅሶ አይመስልም አሉኝ» አለ። «እንግዲህ እረፍ፤ ይበቃሃል» አልኩት። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሦስት ቀን ሳይሞላ መንጠቆና የናይለን ክር ገዝቶ መጣ። «ደንዲ ሐይቅ ዓሣ ላጠምድ ነው» አለኝ። ይህ ሰው በሕይወቱ ዓሣ ሲያጠምድ አይቼው አላውቅም፤ ትል እንኳ በእጁ አይነካም። ቢሆንም ቁጭ ብሎ የሚሠራው ነገር ነው ብዬ መረቅሁት። በሳምንት ሦስት አራት ቀን ጠዋት በጀርባው ቦርሳ አዝሎ ይወጣል፤ ማታ ብስብስ ብሎ፣ በፌስታል ዓሣ አንጠልጥሎ ይመጣል። ዓሣው ሆዱ ተጠርጎ፣ ቅርፊቱ ተፍቆ ነው። «እዚያው አጽድቼው ነው» ይለኛል። ባለሙያ ሆነ ብዬ አደነቅሁ።

ፍልሰታ ገባ። ዓሣ ሥጋ አይደለም ብሎ በጾም የሚበላ አለ፤ እኔ ግን የነፍስ አባቴ ስለማይፈቅዱልኝ አልበላም። ስለዚህ የሚያመጣውን እየወሰድኩ ለጎረቤታችን እሰጣት ጀመር። ጎረቤታችን ጴንጤ ናት፤ ፍልሰታን አትጾምም። አንድ ማታ ሳህኔን ልትመልስ መጥታ በር ላይ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

«ሲስተር፣ ይኼ ዓሣ መሃሉ እኮ በረዶ ነው! ቲቸር የሚያጠምደው ከፍሪጅ ውስጥ ነው እንዴ?»

አብሬአት ሳቅሁ። እሷ ስትሄድ ግን ሳቁ ጠፋብኝ። ዓሣውን የሚገዛው ከከተማ ከሆነ ቀኑን የት ነው የሚውለው? ያን ሌሊት ስገላበጥ አደርኩ። ላፍርበት አልፈልግም፤ ሴት አሰብኩ። ፀጉራችን ሸብቶ፣ የልጅ ልጅ አይተን፣ ሴት አሰብኩ።

በማግስቱ ነጠላዬን ተከናንቤ ተከተልኩት። ደንዲ የሚሄድ ሰው ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ጊንጪ ነው የሚሳፈረው። የእኔ ሰው የተሳፈረበት ሚኒባስ ግን «ጉደር! ጌዶ!» እየተባለ የሚጠራበት ነው። ደሜ ፈላ። የሚቀጥለው ሚኒባስ እስኪሞላ ሁለቴ ወርጄ ሁለቴ ገባሁ። ጉደር ስደርስ አንድ ባለ ባጃጅ «ባለ ቦርሳው ሽማግሌ? ሁሌ ወደ ፏፏቴው ነው የሚወርዱት» አለኝ። ወደዚያው ወሰደኝ።

የጉደር ወንዝ በነሐሴ ቀይ ነው፤ ዓሣ ቢኖርበትም አይታይ። ፏፏቴው ሲጮህ አጠገብ ያለ ሰው አይሰማም። ባሌ ዛፍ ሥር፣ ላስቲክ ለብሶ ቆሟል። መንጠቆ የለ፣ ክር የለ። በእጁ እድሩ የጣለው አሮጌ፣ የተጨራመተ ጡሩምባ አለ።

ነፋ። የወጣው ድምፅ አህያ የሚያናፋ ነው የሚመስለው። ራሱን ነቀነቀና ደግሞ ነፋ። መጀመሪያ፣ ጉልበቱ ከድቶት ሙያው ጠፋበት ብዬ ደነገጥሁ። ቀስ እያልኩ ስቀርብ ነው የገባኝ። ድምፁ ወደ ላይ ሊወጣ ሲል ይቆርጠዋል። ሊንቀጠቀጥ ሲል ያፍነዋል። ወጣትነቱን በሙሉ አሳምሮ መንፋት ሲማር የኖረ ሰው፣ ዝናብ ውስጥ ቆሞ አስቀያሚ አድርጎ መንፋት እየተማረ ነው። ለመስከረም ስብሰባ።

ሰባት ጊዜ ነፋ። ከዚያ እጁን ጉልበቱ ላይ ደግፎ፣ አፉን ከፍቶ ጎነበሰ። ሳላስበው ሰዓቴን አይቼ ትንፋሹን ቆጠርኩ፤ የሥራ ልማድ ነው። ግን ቆጥሬ ሳልጨርስ ተውኩት። በወር ሁለት ሦስት ጊዜ ለለቅሶ የሚያወጣውን ትንፋሽ ላስቀርለት ብዬ፣ ቀኑን ሙሉ እዚህ ሲያወጣው እንዲውል ያደረግሁት እኔ ነኝ። «የፈሩት ይደርሳል» ይባላል፤ እኔ ግን ጠርቼ ያመጣሁት ነው።

ቀና ሲል አየኝ። ፊቱ ተለዋወጠ። «ማን ሞተ?» ብሎ ጮኸ።

«ማንም አልሞተም!»

ትንፋሽ ወሰደና ፈገግ አለ። «እንኳን መጣሽ። እስቲ ስሚ፣ ይኼ እልል ያሰኛል?» አለና ያንን አስቀያሚ ድምፅ ነፋልኝ። ኮርቶበታል። ጎበዝ ተማሪ ደብተሩን እንደሚያሳይ ነው ያየኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩት።

«ምን?»

«ዳኛውን ያናገርኳቸው እኔ ነኝ! ቅሬታ ያቀረበ ሰው የለም!»

ፏፏቴው ስለሚጮህ ሁለተኛ እንድለው በእጁ ምልክት ሰጠኝ። ውሸቴን ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ሁለት ጊዜ ጮህኩት። ሰማ። ጡሩምባውን በመሐረቡ ጠረገና ቦርሳው ውስጥ ከተተው። ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ሌላ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

አራት ቀን አላናገረኝም። ተጣልተን እናውቃለን፤ ዝም ተባብለን ግን አናውቅም። እኔ ቁጭ ማለት አልቻልኩም፣ መተኛት አልቻልኩም፣ የማጥበው ልብስ አለቀብኝ። በአምስተኛው ቀን ጫማውን እያሰረ ቀና ሳይል ተናገረኝ።

«ፈርቻለሁ ብትዪኝ እኮ ይገባኝ ነበር። በዚህ ከተማ ለፍቼ ያገኘሁት ድምፄን ነው፤ እሱን ነው ያጣጣልሽብኝ።»



የመስከረም ስብሰባ እሁድ ዋለ። ዳኛው አጀንዳውን ሲደርሱበት ከሴቶቹ ወገን ተነሳሁ። ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በኦሮምኛ፣ ያደረግሁትን ሁሉ ተናገርኩ። ጉርምርምታ ሆነ። እኚያ እልልታ ያቀለጡት አሮጊት «ታዲያ እኔ ቲቸር በእልልታዬ ታገደ ብዬ ክረምቱን ሙሉ ያፈርኩት በሲስተር ምክንያት ነው?» ሲሉ ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን ባሌን ነበር የማየው። እሱ አልሳቀም፤ ቆመ።

«መንፋቱን እፈልጋለሁ» አለ። «ግን ሲስተር ልክ ናት። ትንፋሼ አጥሯል። በየማዕዘኑ እነፋለሁ፣ ከነፋሁ በኋላ ደግሞ ማን እንዳረፈ፣ ቀብሩ የት እንደሆነ ጮኼ እናገራለሁ። የሚጨርሰኝ ጩኸቱ ነው። የሚጣራ ሰው ስጡኝ።»

እጄን አወጣሁ። ዳኛው የእድሩን ደንብ ገለበጡና ሴት አትጣራ የሚል አንቀጽ አጡ። ባሌ ወደ እኔ ዞሮ ሳያይ «ይሁን» አለ። በአምስተኛው ቀን ካወራኝ ወዲህ ያለኝ ነገር ያ ብቻ ነበር።

መስቀል ካለፈ በኋላ በራችን ተንኳኳ። አንዲት የሰፈራችን እናት አርፈዋል። ተነሳን፣ ጭቃው ላይ ጎን ለጎን ወጣን። እሱ ይነፋል፤ ሳያሳምር፣ ሳያስቀይም፣ አንድ ጊዜ ብቻ። እኔ እጣራለሁ። በሮች ይከፈታሉ፤ ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ይወጣሉ። ሁለት ማዕዘን እንዲህ አለፍን። ወደ ሦስተኛው ስንሄድ ክንዴን ያዘኝ። ከነሐሴ ወዲህ ሲነካኝ የመጀመሪያው ነው።

«የእኔ ቀን የምትጣሪው አንቺ ነሽ?» አለኝ።

«አትዘባርቅ። ንፋ» አልኩት።

ነፋ። ተራዬ ደረሰ። የሟቿን ስም ልጠራ አፌን ከፈትኩ፤ ድምፅ እምቢ አለኝ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ፤ አሁንም የለም። ሰዎች በራቸው ላይ ቆመው ማን እንደሞተ ለመስማት ይጠብቃሉ። ባሌ አየኝና ጡሩምባውን እንደገና አነሳ። እኔ እስክረጋጋ ድረስ ያችን ያጠረች ትንፋሹን ሁለተኛ ነፋት።